በውሃ ላይ የተቀባ፣ በአየር ላይ የሚንጠለጠል፦ የእብነ በረድ ቅብ ወረቀትና የተንቀሳቃሽ ቅርጽ አሠራር

ቀለምን በፈሳሽ ላይ አንሳፍፎ ወደ ወረቀት የማንሳት ጥበብ ማርብሊንግ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ወረቀቱ ላይ የሚቀረው መልክ የእብነ በረድን ዥንጉርጉር መስመሮች ስለሚመስል ነው። ከጣሪያ ተንጠልጥሎ በአየር ንቅናቄ ብቻ የሚዞረው ቅርጽ ደግሞ ሞቢል ይባላል። ይህን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1931 ለአሜሪካዊው ቀራፂ ለአሌክሳንደር ካልደር ሥራዎች ያወጣው ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማርሴል ዱሻምፕ ነው፤ ከኪስ ስልካችን ስም ጋር የአንድ ቃል ልጆች ቢሆኑም እንዳይምታታብን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሞቢል እያልሁ እቀጥላለሁ።

ሁለቱ ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ የሚሠሩ ናቸው። እኔ አንድ ላይ መሥራትን የምመርጠው፣ የእብነ በረድ ቅብ በፍሬም ውስጥ ሲቀመጥ ቆሞ የቀረ ውሃ ስለሚመስለኝና ተንጠልጥሎ ሲዞር ግን መጀመሪያ ትሪው ላይ ሲንሳፈፍ የነበረውን እንቅስቃሴ መልሶ ስለሚያገኝ ነው። ይሁን እንጂ ወረቀቱን ስናዘጋጅ የምንፈጽማት እያንዳንዷ ስሕተት ኋላ ሚዛኑ ላይ ትታያለች። ያልደረቀ ወረቀት፣ በአንድ ወገን ብቻ የተቀባ ወረቀት ወይም እኩል ያልተዳረሰ ኮላ ሁሉም ክብደት ናቸው፤ ስለዚህ ገና ቀለሙን ስንበጠብጥ ጀምሮ ክብደትን እያሰብን እንሠራለን።

ዕቃዎቹና ወረቀቱ

21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ለሆነው የተለመደው ኤ4 ወረቀት፣ ውስጡ ቢያንስ 25 በ35 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱም 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ ትሪ ያዘጋጁ። ፈሳሹ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እንዲኖረው ከተፈለገ ይህ ትሪ 2.6 ሊትር ያህል ይይዛል። ትሪውም ሆነ መበጥበጫው ከዚያ በኋላ ለምግብ መዋል ስለማይኖርበት፣ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚቀመጥ ዕቃ ይመደብለት።

ወረቀቱ ገጹ የማያንጸባርቅ፣ በካሬ ሜትር 120 ግራም ገደማ የሚመዝን ቢሆን ይመረጣል። ከዚህ የሳሳው ሲረጥብ ይቀደዳል፤ የሚያብለጨልጭ ልባጥ ያለው ወረቀት ደግሞ ቀለሙን አይቀበልም። ከዚህ ሌላ አክሪሊክ ቀለም፣ ካራጊናን የተባለው ከባሕር አልጌ የሚገኝ ዱቄት፣ አሉም የተባለው ነጭ የማዕድን ጨው፣ ስፖንጅ፣ ጠብታ መጣያዎች፣ ያረጀ ጋዜጣና ስቴኪኒ ያስፈልጋሉ። ማበጠሪያው በሱቅ መገዛት የለበትም፤ የትሪውን ወርድ በሚያህል ጠንካራ ካርቶን ላይ ስቴኪኒዎችን በ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ደርድሮ በኮላ ማጣበቅ ይበቃል።

ለሞቢሉ የ1 ሚሊ ሜትርና የ1.5 ሚሊ ሜትር የብረት ሽቦ፣ ጫፉ ክብ የሆነ ፒንሳ፣ ሽቦ መቁረጫ፣ ቀጭን ናይለን ክርና አንድ ለዓሣ ማጥመጃ የሚሸጥ ትንሽ ሽክርክሪት ማያያዣ ይዘጋጃሉ። ሽቦ ሲቆረጥ ቁራጩ ተፈናጥሮ ዓይን ሊመታ ስለሚችል የዓይን መከላከያ መነጽር ማድረግ አይዘንጋ።

ከአንድ ቀን በፊት፦ ፈሳሹ

ተራ ውሃ ላይ አክሪሊክ ቀለም ሲጠባጠብ የተወሰነው ይሰምጣል፣ የቀረውም ቅርጽ ሳይይዝ ይበተናል። ውሃው ቀለሙን ተሸክሞ እንዲቆይ መወፈር አለበት። ለዚህም በአንድ ሊትር ውሃ ወደ 6 ግራም ካራጊናን፣ ለትሪያችን በጠቅላላው 16 ግራም ያህል ይመዘናል። የዱቄቱ ዓይነት ከአምራች አምራች ስለሚለያይ እሽጉ ላይ ሌላ መጠን ከተጻፈ እሱን መከተል ይገባል። ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ውሃው ላይ መገልበጥ ጓል ያበዛል፤ ይልቅስ የውሃውን ግማሽ በብሌንደር እያሽከረከሩ ዱቄቱን በጥቂት በጥቂቱ መነስነስ፣ ከዚያም የቀረውን ውሃ መጨመር ነው።

ብሌንደሩ ፈሳሹን በአረፋ ይሞላዋል። አረፋው እስኪጠፋና ዱቄቱ ሙሉ በሙሉ ውሃ እስኪጠጣ ድረስ ፈሳሹ ቢያንስ 12 ሰዓት ተከድኖ ይቀመጥ። ቸኩለው ከሁለት ሰዓት በኋላ ከሠሩበት ወረቀቱ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይቀራሉ። በማዕድን የበለጸገ ጠጣር ውሃም ለዚህ ሥራ ስለማይስማማ፣ የቧንቧው ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ የተጣራ ውሃ መጠቀም ይሻላል። ቅዝቃዜ ያለው ቦታ ከተቀመጠ ፈሳሹ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ያገለግላል፤ ሲቀጥንና ሽታው ሲለወጥ ግን ይደፋል።

የቱርክ ባለሙያዎች ለተመሳሳይ ዓላማ ኪትሬ የተባለውን የቁጥቋጦ ሙጫ ይጠቀማሉ። ኤብሩ የተሰኘው ይህ ጥበባቸው እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ጃፓኖች ደግሞ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሚታወቀው ሱሚናጋሺ ጥቁር ቀለምን በተራ ውሃ ላይ ያንሳፍፋሉ፤ ካራጊናን ያጣ ሰው በዚህ መንገድ ሱሚ በተባለው በዚሁ ጥቁር ቀለምና በመጣጭ ወረቀት ያለ አሉም መሥራት ይችላል። መልኩ ግን እንደ ጭስ የሳሳ ስለሚሆን፣ ከሩቅ ለሚታይ ተንጠልጣይ ሥራ እኔ አልመርጠውም።

ወረቀቱን በአሉም ማከም

የአሉም ሥራ ቀለሙን ከወረቀቱ ቃጫ ጋር ማጣበቅ ነው። ይህ እርምጃ የተዘለለበት ወረቀት ከትሪው ሲነሣ ያማረ ሆኖ ይወጣና ውሃ ሲነካው ንድፉ ከዓይን ሥር ተንሸራትቶ ይሄዳል። 15 ግራም አሉም በ250 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ ያማስሉ፤ ሲቀዘቅዝ ጓንት አድርገው በስፖንጅ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር፣ መጀመሪያ በቁመቱ፣ ቀጥሎ በወርዱ ያብሱ። ያልተዳረሰ ቦታ ኋላ ላይ ልክ የስፖንጁን መንገድ ተከትሎ ነጭ ሆኖ ይታያል።

አሉሙ ሲደርቅ ዓይን ስለማያየው፣ የታከመው ገጽ ማዕዘን ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ይህን ሳላደርግ ቀርቼ ስምንት ወረቀቶችን በተሳሳተ ገጻቸው ቀብቼ እያጠብሁ ሁሉም ነጭ ሆነው የቀሩበትን ቀን አልረሳውም። ወረቀቶቹ ጥቂት ጠፈፍ እንዳሉ በሁለት ጠፍጣፋ ጣውላ መካከል ተጭነው ይዋሉ፤ አሉም አሲድነት ስላለው ወረቀቱን ቀስ በቀስ ያዳክማልና፣ ከታከሙ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሠራባቸው ይገባል።

ቀለሙን ማቅጠንና መሞከር

ቀለሙ እንደ ወተት እስኪቀጥን ድረስ በውሃ ይበጠበጥ። ቀለሙ፣ ፈሳሹና ክፍሉ ተመሳሳይ ሙቀት ቢኖራቸው፣ ማለትም ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ውስጥ ቢሆኑ ሥራው ይሰምራል። ከፈሳሹ ጥቂት ወደ ትንሽ ሳህን ቀንሰው አንድ ጠብታ ቀለም ይጣሉበት፤ ጠብታው ተዘርግቶ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ክብ ከሠራ ዝግጁ ነው። ከሰመጠ ቀለሙ ላይ ጥቂት ውሃ ይጨመር። ውሃው በቂ ሆኖ እያለ አልዘረጋ ካለ፣ ባለሙያዎች ለብዙ ዘመን የተጠቀሙበት የበሬ ሐሞት መፍትሔው ነው፤ የቀለሙን የገጽ ውጥረት ስለሚያላላ ቀለሙ ይከፈታል። በሐሞቱ ፋንታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና መጨመር የሚያጓጓ ቢሆንም፣ አንድ ጠብታ እንኳ በዝቶ ትሪውን በሙሉ ሊያበላሽ ስለሚችል አልመክረውም።

በኋላ የሚጣል ቀለም ከቀደመው ጋር እየተጋፋ ቦታ ማግኘት ስላለበት፣ ከመጀመሪያው ይልቅ የመጨረሻው ቀለም ትንሽ ተጨማሪ ሐሞት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ቀለሞቹን አንድ በአንድ ብቻ ሳይሆን በምትጥሏቸው ቅደም ተከተል፣ አንዱን በሌላው ላይ እያደረጋችሁ መሞከር የሚያስፈልገው። ሦስት ቀለም ለአንድ ሞቢል ይበቃል፤ ከዚያ ሲበዛ ቅርጹ ሲዞር ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ያጣል።

መርጨት፣ መሳልና ማንሳት

ቀለም ከመጣሉ በፊት የጋዜጣ ቁራጭ በፈሳሹ ገጽ ላይ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ይጎተት። ፈሳሹ ለጥቂት ደቂቃ ብቻውን ሲቀመጥ ቀጭን ቆዳ ያበጃል፤ ቀለሙ ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ የሚሸረፈው ብዙ ጊዜ በዚህ ቆዳ ምክንያት ነው። ይህ ጠረጋ ከእያንዳንዱ ወረቀት በኋላም ይደገማል።

ጠብታዎቹን ከፈሳሹ ገጽ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ይጣሉ፤ ከሩቅ የተወረወረ ጠብታ ገጹን በስቶ ይሰምጣል። የኤብሩ ባለሙያዎች በጽጌረዳ እንጨት ላይ የፈረስ ጭራ በታሰረበት ብሩሽ ይረጫሉ። ጀማሪ ግን በጠብታ መጣያ ቢጀምር መጠኑን ይቆጣጠራል። ገጹ በቀለም ከተሸፈነ በኋላ እንዲሁ ቢተዉት ጠጠር የተነጠፈበት ወለል ይመስላል፤ ስቴኪኒ ይዘው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየተመላለሱ ቢያርሱት ደግሞ ቱርኮች «ና ሂድ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል የሚጠሩት ንድፍ ይወጣል። በዚያ ላይ ማበጠሪያው በአግድም አንድ ጊዜ ብቻ ቢያልፍ ላባ የሚመስሉ ደቃቅ ቅስቶች ይደረደራሉ። የስቴኪኒው ጫፍ ፈሳሹን ከነካው በቂ ነው፤ ወደ ውስጥ ጠልቆ ከገባ ፈሳሹ ራሱ ይዞርና ንድፉ ይዘበራረቃል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ለመጽሐፍ ሽፋን አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በእጅ ይዘው ሲያዩት የሚያስደንቅ ደቃቅ ንድፍ ከሁለት ሜትር ርቀት አንድ ወጥ ግራጫ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ትላልቅ ለሆኑት የሞቢሉ ቅጠሎች (ከሽቦው ለሚንጠለጠሉት የወረቀት ቁራጮች) ጠብታው ጎልቶ የቀረበትን፣ ለትናንሾቹ ደግሞ የተበጠረውን ወረቀት ይመድቡ።

ወረቀቱን በሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖቹ ይዘው፣ በእርሳስ የተመለከተውን ገጽ ወደ ታች አድርገው መጀመሪያ አንደኛውን ማዕዘን ፈሳሹን ያስነኩና ሌላውን ሳያቋርጡ ቀስ ብለው ያስተኙት። በመካከል ቆም ያሉ እንደሆነ በቆሙበት ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ይቀራል፤ ፈጥነው ከጣሉት ደግሞ አየር ይታፈንና ነጭ ክብ ይፈጠራል። ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ከተኛ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በትሪው ጠርዝ ላይ እየጎተቱ ያንሱት፤ ጠርዙ የተረፈውን ፈሳሽ ይጠርግለታል። በዘመመ ጣውላ ላይ ዘርግተው ከላይ ቀስ ብሎ በሚወርድ ውሃ ያልቀልቁትና በገመድ ላይ ይስቀሉት። ሥራው ሲያበቃ የቀረው ቀለም በጋዜጣ ተጠርጎ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሂድ እንጂ ወደ ፍሳሽ ቱቦ አይደፋ።

ከወረቀት ወደ ቅጠል

በአንድ ገጹ ብቻ የተቀባ ወረቀት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እንደ ጎድጓዳ ማንኪያም ይታጠፋል። እንዲህ ያለ ቅጠል የሚያልፈውን አየር ሁሉ በአንድ ወገን ስለሚይዝ፣ ሞቢሉ ወዲያና ወዲህ በመወዛወዝ ፋንታ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየዞረ ክሩን ያከርራል። ስለዚህ ሁለት የተቀቡ ወረቀቶችን ጀርባ ለጀርባ እናጣብቃለን። ወረቀቶቹ ቃጫቸው የተኛበት አቅጣጫ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ይህንንም ወረቀቱን በቁመትና በወርድ ቀስ ብሎ በማጉበጥ፣ በቀላሉ የሚጎብጠው በየትኛው እንደሆነ በማየት ማወቅ ይቻላል። ኮላው በቀጭኑ ይቀባና ጥንዱ በንጹሕ ወረቀት መካከል፣ ከላዩ ከባድ መጻሕፍት ተጭነውበት ሙሉ ሁለት ቀን ይቆይ።

ሁለት ቀን ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ለአንድ ሌሊት ብቻ ያደረቅኋቸውን ቅጠሎች ሰቅዬ ሚዛናቸውን በደስታ ካስተካከልሁ በኋላ፣ በሳምንቱ አንደኛው ክንድ፣ ማለትም ቅጠሎቹ የሚሰቀሉበት ሽቦ፣ ወደ ላይ ተቀስሮ አገኘሁት። በወፍራሙ የተቀባው ቅጠል ውስጥ የነበረው እርጥበት ተንኖ ኖሯል።

ለመጀመሪያ ሥራ አራት ክቦች፣ ማለትም ስፋታቸው 14፣ 12፣ 10 እና 7 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ይቁረጡ። ክብ የሆነ ቅጠል ክብደቱን ለማስላት ይመቻል። ሁለት ባለ 120 ግራም ወረቀቶች ከነኮላቸው በካሬ ሜትር 250 ግራም ይመዝናሉ ብንል፣ የ14ቱ ክብ 3.85 ግራም፣ የ12ቱ 2.8 ግራም፣ የ10ሩ 2 ግራም፣ የ7ቱ ደግሞ 1 ግራም ያህል ይሆናል። ከጠርዛቸው 5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ በወፍራም መርፌ አንድ ቀዳዳ ይበሳል።

ሽቦውና ሚዛኑ

ሞቢል የሚሠራው ከታች ወደ ላይ ነው። የታችኛው ክንድ ሚዛኑን ካልጠበቀ የላይኛውን ማስተካከል ከንቱ ድካም ይሆናል።

በመርሕ ደረጃ ስሌቱ የሚዛን እንጨት ስሌት ነው፤ የአንዱ ጫፍ ክብደት ከመንጠልጠያው ባለው ርቀት ሲባዛ ከሌላው ጫፍ ጋር እኩል መምጣት አለበት። በ18 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ጫፎች ላይ የ2 ግራሙና የ1 ግራሙ ቅጠሎች ቢሰቀሉ፣ መንጠልጠያው ከትልቁ ቅጠል 6 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከትንሹ 12 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይውላል ማለት ነው። እንደዚህ አስልቶ ሽቦውን የጠመዘዘ ሰው ግን ወደ ትንሹ ቅጠል ያዘነበለ ክንድ ያገኛል። ምክንያቱም ሽቦው ራሱ ይመዝናል፦ የ1 ሚሊ ሜትር የብረት ሽቦ በሜትር 6 ግራም ያህል ስለሆነ፣ 18 ሴንቲ ሜትሩ 1.1 ግራም፣ ማለትም ከትንሹ ቅጠል የበለጠ ይከብዳል። ይህ ክብደት በሽቦው መካከል እንዳለ ተቆጥሮ ሲሰላ ትክክለኛው ነጥብ ከትልቁ ቅጠል 6.8 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። የብረት ቅጠል ለሚሠራ ሰው ይህቺ 8 ሚሊ ሜትር ኢምንት ናት፤ ለወረቀት ግን ሁሉ ነገር ናት።

በዚሁ ስሌት ሁለተኛው ክንድ 26 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በአንድ ጫፉ የመጀመሪያውን ክንድ በሙሉ (4.1 ግራም)፣ በሌላው የ12 ሴንቲ ሜትሩን ክብ ይይዛል፤ ነጥቡም ከመጀመሪያው ክንድ 11 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ሦስተኛውና የላይኛው ክንድ ከ1.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ 34 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይቆረጣል፤ በታች የተሠራውን ሁሉ (8.5 ግራም) በአንድ ወገን፣ የ14 ሴንቲ ሜትሩን ክብ በሌላው ይዞ ከከባዱ ወገን 12.4 ሴንቲ ሜትር ላይ ይንጠለጠላል። ጠቅላላው ሥራ 17 ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል።

እነዚህ ቁጥሮች መነሻ እንጂ መድረሻ አይደሉም፤ የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ጣት ነው። አሠራሩም የሚከተለው ነው። ሽቦው ከሚፈለገው 6 ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝሞ ይቆረጥና፣ በተሰላው ነጥብ ላይ በክብ ፒንሳ ውስጡ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ሙሉ ቀለበት ይጠመዘዝ። ቀለበቱ ብቻውን 1.5 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ስለሚበላ፣ ጫፎቹን አስቀድሞ መቁረጥ ኋላ ያስቆጫል። ቀጥሎ ከቀለበቱ ግራና ቀኝ ያሉት የሽቦው ሁለት ወገኖች ወደ ታች ቀስት መስለው በጥቂቱ ይጉበጡ። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም፤ ቀለበቱ ሁለቱን ጫፎች ከሚያገናኘው መስመር ከፍ ብሎ ካልተቀመጠ ክንዱ ትንሽ ሲነካ ይገለበጣል እንጂ ወደ ቦታው አይመለስም። ጫፎቹ በትናንሽ ቀለበቶች ተጠምዝዘው ቅጠሎቹ በአጭር ክር ከተሰቀሉባቸው በኋላ፣ መካከለኛውን ቀለበት በመርፌ ጫፍ ላይ ያንጠልጥሉት። የሚያዘነብለው ወገን ጫፉ በ2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይሳብ፤ ወይም የጫፉ ቀለበት አንድ ዙር ተጨምሮለት ወደ መካከል ይቅረብ። የቀረችው ጥቂት ልዩነት በቀለለው ቅጠል ጠርዝ ላይ በአንዲት ጠብታ ኮላ ትስተካከላለች።

ክንዶቹ እርስ በርስ እንዳይላተሙ፣ አንዱን ክንድ ከሌላው የሚያገናኘው ክር ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከላይ በተሰጠው ልክ የተሠራ ክንድ ሙሉ ዙር ቢዞር የጎረቤቱን ቅጠል አይነካም፤ ልኩን የሚለውጥ ሰው ግን እያንዳንዱን ክንድ በእጁ አዙሮ ማየት አለበት።

መስቀል

ሽክርክሪት ማያያዣው በላይኛው ክንድና በጣሪያው መንጠቆ መካከል ይገባል፤ እሱ ከሌለ ክሩ እየከረረ ሄዶ ሞቢሉ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ከዚያም ተመልሶ ይፈታል። ቦታው ከመብራት አምፖልና ከምድጃ የራቀ፣ ፀሐይም በቀጥታ የማይመታው ይሁን። በር ወይም መስኮት አጠገብ የሚሻለው ይመስላል፤ ነገር ግን ጠንከር ያለ ነፋስ 17 ግራም የሚመዝነውን ሥራ በአንድ ጊዜ ያጠላልፈዋል። ሰው የሚመላለስበት መተላለፊያ ጥግ፣ ከራስ ከፍ ብሎ፣ የበለጠ ይስማማዋል፤ አንድ ሰው ሲያልፍ የሚነሣው አየር እስከ ላይኛው ክንድ ደርሶ ያዞረዋል። ሕፃን በሚተኛበት ክፍል የሚሰቀል ከሆነ እጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ መሆኑንና የሽቦው ጫፍ ሁሉ ወደ ውስጥ መጠምዘዙን ያረጋግጡ።

በዝናብ ወራት ወረቀቱ እርጥበት ስለሚስብ ክንዶቹ በጥቂቱ ያዘነብላሉ፤ አየሩ ሲደርቅ ይመለሳሉና ፒንሳ ለማንሣት አይቸኩሉ።